ኮራል ከዱባይ ወደ ባሕር ዳር በሕጋዊ መንገድ ለማስገባት፦ የትኛው ወረቀት፣ በምን ቅደም ተከተል?

ደንገል

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ 240 ሊትር የጨው ውሃ አኳሪየም፣ ከተሞላ 7 ወር። ያለው ሁለት ክላውንፊሽና ጥቂት ቀንድ አውጣ ነው። ጨዋማነት 35 በሺህ፣ ሙቀት 25.5፣ ኬኤች (የውሃው አልካላይነት) 8.2፣ ካልሲየም 420፣ ማግኒዚየም 1300፣ ናይትሬት 8። ውሃው ከአርኦ (ሪቨርስ ኦስሞሲስ) ማጣሪያ ነው፤ የቧንቧም የጣናም ውሃ ገብቶበት አያውቅም።

ዱባይ ያለው ወንድሜ በጥቅምት ሲመጣ ከአንድ ሱቅ 11 ኮራል ሊያመጣ አስቧል፦ ዩፊሊያ 2፣ ሞንቲፖራ 3፣ አክሮፖራ 1፣ ዞአንተስ 4፣ እንዲሁም ቡጢ በሚያህል ድንጋይ ላይ የበቀለ አንድ ሲኑላሪያ። ሻጩ «ለግል ስለሆነ ወረቀት አያስፈልግም፣ ሻንጣ ውስጥ ክተተው» ይላል። እኔ ደግሞ ወረቀት የሌለው ፍጥረት ቤቴ እንዲገባ አልፈልግም። የትኛው ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ የትኛው አያስፈልገውም? ከማን ይጀመራል? ቦሌ ከደረሰ በኋላስ ባሕር ዳር በሕይወት እንዲደርስ ምን ይደረግ?

ሽምብጥ

ወረቀት የሚጠየቀው ለድንጋያማዎቹ፣ ለዩፊሊያ፣ ለሞንቲፖራና ለአክሮፖራ ነው። ዞአንተስና ሲኑላሪያ ለስላሳ ስለሆኑ ነጻ ናቸው፤ ያለ ሐሳብ ያምጣልህ። ሌላው፣ ከ3 ሴንቲሜትር በታች የሆነ የኮራል ቁራጭ በሳይተስ (ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና እጽዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) አይቆጠርም የሚል አንቀጽ አለ። እነ አክሮፖራን ትንንሽ አድርጎ ቢያስቆርጣቸው ይገላገላል።

ታንኳ

ሽምብጥ፣ አንቀጹ አለ፤ የሚናገረው ግን ስለ ሞተ ኮራል ነው። ሳይተስ ከቁጥጥር ያወጣው ከ2 ሚሊሜትር በታች የሆነውን የኮራል አሸዋና ከ2 እስከ 30 ሚሊሜትር የሆነውን፣ ያልተጣበቀ የሞተ ስብርባሪ ነው። ያወጣውም ስብርባሪውን አይቶ ዝርያውን መለየት ስለማይቻል ነው። በሕይወት ያለች ፍራግ (ለማራባት ከኮራል የተቆረጠች ቁራጭ) ግን 1 ሴንቲሜትር ብትሆንም ሕያው ኮራል ናት፤ ፈቃድ ትፈልጋለች። ለመንገድ ሲባል የተቆረጠ ቁራጭ ደግሞ ቁስሉ ሳይደርቅ ከረጢት ውስጥ ይበሰብሳል፤ የራሱን ውሃ ያበላሽና ይሞታል። ከተቆረጠ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አገግሞ፣ ሥጋው በፕለጉ (በተጣበቀበት ትንሽ መቀመጫ) ላይ መዘርጋት ሲጀምር ነው የሚጓዘው።

ለስላሶቹን በተመለከተ ግማሹ ትክክል ነው። ዞአንተስ፣ ሲኑላሪያ፣ ዲስኮሶማ፣ ዜኒያ በሳይተስ አባሪዎች (ቁጥጥር የሚደረግባቸው ዝርያዎች ዝርዝሮች) ውስጥ የሉም። ግን ደንገል የጻፈውን ልብ በሉ፤ ሲኑላሪያው ያለው ቡጢ በሚያህል ድንጋይ ላይ ነው። ከ3 ሴንቲሜትር የሚበልጥ የኮራል ድንጋይ በራሱ «ስክለራክቲኒያ» (ድንጋያማ ኮራል) ተብሎ በአባሪ 2 ይያዛል። ላዩ ላይ የተቀመጠው ነጻ ቢሆንም መቀመጫው ነጻ አይደለም። በውሃ ውስጥ ሆኖ የሚጓዝ እንዲህ ያለ ድንጋይ ፈቃዱ ላይ በፍሬ ይቆጠራል፤ እርጥብ ሆኖ ያለ ውሃ የሚጓዘው «ላይቭ ሮክ» ደግሞ በኪሎ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሻጩ ሲኑላሪያውን ከድንጋዩ ቆርጦ በሴራሚክ ወይም በሲሚንቶ ፕለግ ላይ ያስይዘው፣ ሦስት ሳምንት ይቆይ። ዞአንተሶቹም እንዲሁ። ፕለጉ የሰው ሥራ መሆኑ ከታች ሲታይ ያስታውቃልና ተቆጣጣሪውም አይቸገርም።

እግረ መንገዴን፣ ለስላሳ መስለው የሚያሳስቱ ሁለት አሉ። ቀዩ የኦርጋን ቧንቧ ኮራል፣ ቱቢፖራ፣ እና ሰማያዊው ኮራል፣ ሄሊዮፖራ። ሁለቱም አባሪ 2 ናቸው። የእሳት ኮራል የሚባለው ሚሌፖራና ጥቁር ኮራልም እንዲሁ። ወንድምህ ሱቁ ውስጥ ትሪዳክና ወይም የባሕር ፈረስ ዓይኑን ቢስበው እነሱም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ናቸው።

«ለግል ነው» የሚለው የሻጩ ቃል ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ስምምነቱ ለግል ዕቃ የሚሰጠው ነጻነት አለ፤ ለምሳሌ አንድ መንገደኛ እስከ 3 የትሪዳክና ቅርፊት፣ በድምሩ ከ3 ኪሎ ሳይበልጥ፣ እንደ ማስታወሻ መያዝ ይችላል። ያ የሞተ ቅርፊት ነው። ከሱቅ ተገዝቶ ድንበር የሚሻገር ሕያው ኮራልን በዚህ አንቀጽ አሳልፋለሁ ብሎ መነሳት ኮራሉንም ገንዘቡንም ለውርስ መስጠት ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ኢትዮጵያ የሳይተስ አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ እዚህ ጉዳዩን የያዘው አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶችም አባል ናት፤ በዚያ በኩል ያለው የአየር ንብረት ለውጥና አካባቢ ሚኒስቴር ነው። ዱባይ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ድንጋያማ ኮራል አብዛኛው ከኢንዶኔዥያ ወይም ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ስለዚህ ከዱባይ ሲወጣ የሚያስፈልገው ተራ የመላኪያ ፈቃድ ሳይሆን የዳግም መላኪያ ሰርተፊኬት ነው። በዚህ ሰርተፊኬት ላይ የመጀመሪያው አገር ስም፣ ያ አገር የሰጠው ፈቃድ ቁጥርና ቀን መጻፍ አለበት። እንግዲህ ሱቁ ኮራሉን ሲያስገባ የተቀበለውን ወረቀት ማሳየት ካልቻለ ነገሩ እዚያው አበቃ፤ ሰርተፊኬቱ አይወጣም፣ እኛም አንገዛም። ወንድምህ ከዋጋ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ ይሄ ይሁን። «የገባበትን ፈቃድ ቁጥር ስጠኝ» ሲባል ፊቱን የሚያዞር ሱቅ ስንት ርካሽ ቢሸጥ አይጠቅምም።

ሰርተፊኬቱ ሲወጣ አምስት ነገር ይታይ።

ስሙ። «ኮራል» ተብሎ ብቻ አይጻፍም። ዩፊሊያ እስከ ዝርያ ይጻፋል። አክሮፖራና ሞንቲፖራ በዓይን ለመለየት እጅግ ስለሚያስቸግሩ በወገን ስም ብቻ እንዲጻፉ ከተፈቀደላቸው ውስጥ ናቸው። ሌላ ወጥመድ አለ፦ ሀመር ኮራል የሚባለውን ሳይንቲስቶች ከዩፊሊያ አውጥተው ፊምብሪያፊሊያ ብለውታል። ኢንቮይሱ ላይ አዲሱ ስም፣ ሰርተፊኬቱ ላይ አሮጌው ከተጻፈ ቦሌ ላይ ያለው ሰው ሁለት የተለያየ እንስሳ ነው የሚያየው። ኢንቮይሱ ሰርተፊኬቱን ይከተል።

ብዛቱ። በፍሬ። ከተጻፈው ማነስ ይቻላል፤ መብለጥ አይቻልም። ሻጩ «ጉርሻ» ብሎ አንዲት ፍራግ ቢጨምር ያቺ አንዷ ሙሉውን ጭነት ታስይዛለች።

የምንጭ ምልክቱ። «ደብሊው» ከዱር የተለቀመ፣ «ሲ» በቁጥጥር ስር የተራባ፣ «ኤፍ» በቁጥጥር ስር የተወለደ ሆኖ የ«ሲ»ን መስፈርት ያላሟላ ነው። ባሕር ላይ በገመድና በጠረጴዛ የሚረባው ብዙ ጊዜ «ኤፍ» ሆኖ ይመጣል። የተራባ ነው ማለት ግን ፈቃድ አይፈልግም ማለት አይደለም። እኔ በበኩሌ ዱር የተለቀመውን አልመክርም፤ ሪፉን (ባሕር ውስጥ ያለውን የኮራል መንደር) ማራቆቱ ሳያንስ ከባሕር በቀጥታ የመጣ ኮራል ከብርሃንም ከጉዞም ጋር ለመላመድ ይቸገራል።

ጊዜው። ከወጣበት ቀን ጀምሮ ቢበዛ 6 ወር። አገር ውስጥ መግባት ያለበት በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው።

ማኅተሙ። ከዱባይ ሲወጣ ጉምሩክ ወይም ተቆጣጣሪው ትክክለኛውን ብዛት ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም የሚያደርግበት ሣጥን ሰርተፊኬቱ ላይ አለ። ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ባዶ ሆኖ ከመጣ ፈቃዱ ወጣ እንጂ ዕቃው በዚያ ፈቃድ መውጣቱ አልተረጋገጠም።

ደንገል

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲኑላሪያው እንዲዛወር ዛሬውኑ እነግረዋለሁ። በኢትዮጵያ በኩልስ? የማስገቢያ ፈቃድ የሚሰጠው የቱ መሥሪያ ቤት ነው? ባሕር ዳር ሆኜ የሚያልቅ ነገር ይኖረዋል ወይስ አዲስ አበባ መመላለስ ነው?

ታንኳ

ስምምነቱ ለአባሪ 2 የሚያስገድደው የላኪውን አገር ፈቃድ ነው፤ የተቀባዩን አገር የማስገቢያ ፈቃድ የሚያስገድደው ለአባሪ 1 ነው። ይህን ይዘህ ግን ዝም ብለህ አትቀመጥ። የአገር ሕግ ከስምምነቱ የጠበቀ ሊሆን ይችላል፤ ቦሌ ላይ ወረቀቱን የሚያረጋግጠውም ያው የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ምንም ከመገዛቱ በፊት ደብዳቤ ጻፍ፦ የዝርያ ዝርዝር፣ ብዛት፣ የምንጭ ምልክት፣ የሚወጣበት አገር፣ የሚገባበት በር፣ የሚቀመጥበት አድራሻ፣ ዓላማው የግል መሆኑ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ከወጣ ጀምሮ ሕያው የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማስገባትና ማስወጣት ቀላል ጥፋት አይደለም። ኮራል ደግሞ ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። ባለሙያው ራሱ ኮራል ገጥሞት ላያውቅ ስለሚችል ፎቶና የአባሪውን ገጽ አያይዝለት፤ ነገሩን አንተ ባቀለልክለት መጠን መልሱ ይፈጥናል።

ሁለተኛው በር የእንስሳት ጤና ነው፤ ይህ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። ለስላሶቹ ከሳይተስ ነጻ ቢሆኑም ከዚህ ነጻ አይደሉም፤ 11ዱም ሕያው እንስሳት ናቸው። ቅድሚያ የማስገቢያ ፈቃድ ይጠየቃል፣ በእሱ ላይ የተጻፈውን የጤና መስፈርት ወንድምህ ለዱባይ የእንስሳት ሐኪም ያቀርብና የጤና ምስክር ወረቀት ያወጣል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ፣ ማለትም የጤና ምስክሩ ቀድሞ ወጥቶ የእኛ መስፈርት ኋላ ሲመጣ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጎድልና እንደገና ይጻፍ ይባላል። የጤና ምስክር የሚያገለግለው ለጥቂት ቀናት ስለሆነ መጨረሻ ላይ የሚወጣ ወረቀት ነው፤ የሳይተሱ ሰርተፊኬት በእጅ ሳይገባ ሐኪም ዘንድ አይኬድም።

ሦስተኛው ጉምሩክ። ሦስት ነገር ብቻ ልበል። ክፍያው በባንክ ነው ወይስ በፍራንኮ ቫሉታ (ከባንክ ምንዛሪ ሳይጠየቅ) የሚለው ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ይለቅ። ዲክላራሲዮኑ ላይ የታሪፍ ቁጥሩ አስቀድሞ ከጉምሩክ ጋር ስምምነት ይደረስበት፤ «ኮራል» ሲባል ትራንዚተሮች ቶሎ የሚያገኙት 0508ን ነው፣ እሱ ግን የሞተ፣ ያልተሠራ ኮራልና ቅርፊት ነው። 0301ም አይሆንም፤ እሱ የሕያው ዓሣ ነው። በተሳሳተ ቁጥር የተሞላ ዲክላራሲዮን እስኪታረም ሣጥኑ መጋዘን ያድራል፤ ሌላ ዕቃ ቢያድር ምንም አይሆንም፣ ኮራል ያድራል ማለት ግን ይሞታል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ወንድምህ በእጁ ይዞ ከመጣ በቀይ መስመር ይውጣ፣ ይናገር፣ ወረቀቱን ይዘርጋ።

ባሕር ዳር ሆነህ የሚያልቀው ደብዳቤው ነው። ለቀሪው አዲስ አበባ ውክልና የምትሰጠው ሰው ወይም ፈቃድ ያለው ትራንዚተር ያስፈልግሃል። ከቦሌ ወደ ባሕር ዳር ሌላ ድንበር የለም፤ የሁሉንም ቅጂ ግን ከሣጥኑ ጋር አስጉዝ።

ጨው ውሃ

ወረቀቱን ጋሼ ጨርሶታል። እኔ ስለ ሣጥኑ። ከዱባይ ሱቅ እስከ ባሕር ዳር ቤት ድረስ 24 ሰዓት ብላችሁ ገምቱ፣ ለ48 አሽጉ። በረራው 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ጊዜውን የሚበላው በሁለቱም ጫፍ ያለው ቆይታ ነው።

ቀኑ። ዱባይ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ናት፣ ዓርብም ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግማሽ ቀን ነው። እኛ ጋ ያሉት መሥሪያ ቤቶችም ቅዳሜ አይገኙም። ስለዚህ ሰኞ ማታ ተጭኖ ማክሰኞ ማለዳ ቦሌ የሚደርስ በረራ ይመረጥ። የሁለቱንም አገር በዓላት በካሌንደር ላይ አስተያዩ፤ የእኛን በዓል የዱባይ ላኪ አያውቀውም።

ከረጢቱ። ለአንድ ፍራግ አንድ ከረጢት፣ ሁለት ድርብ፣ ሁለተኛው ተገልብጦ፣ ማእዘኑ እንዳይወጋ የታችኛው ጥግ በላስቲክ የታሰረ። ለዞአንተስና ለሞንቲፖራ 300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃል፤ ለዩፊሊያ 700 እስከ 1000። የዩፊሊያ ሥጋ ከራሱ አጥንት ጋር ሲጋጭ ይቀደዳል፤ ስለዚህ ፕለጉ በላስቲክ ከትንሽ ስታይሮፎም ጋር ታስሮ ተገልብጦ ይንሳፈፍ፣ ሥጋው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ምንም ሳይነካ ይጓዛል። አክሮፖራም እንዲሁ። ሲኑላሪያ ብቻውን፤ የሚያወጣው ንፍጥ ለሌሎቹ መርዝ ነው። ከመታሸጉ አንድ ቀን በፊት ጀምሮ ምግብ የለም፣ ልክ ሲታሸግ ደግሞ ንፍጡን በሌላ ንጹሕ የጨው ውሃ አራግፎ በአዲስ ውሃ መሙላት ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው። ከረጢቱ የሚታሰረው በባሕር ጠለል ነው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ሊጠጋ ይችላል፤ አዲስ አበባ ራሷ 2,300 ሜትር ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ከረጢቱ ውስጥ ያለው አየር በ30 ከመቶ ገደማ ይሰፋል። ዱባይ ላይ እንደ ከበሮ ተወጥሮ የታሰረ ከረጢት ስፌቱ ይከፈታል። ሲታሰር በጣት ሲጫኑት ሰርጎድ የሚል፣ ለስለስ ያለ ይሁን። ሻጩ «ይህ አልሞላም» ብሎ ሊጨምርበት ይፈልጋል፤ ወንድምህ ያስቁመው። አየሩ ሲሰፋ ኮራሉን የሚጎዳ እንዳይመስላችሁ፤ የሚጎዳው መፍሰሱ ነው። የጨው ውሃ የሚያንጠባጥብ ሣጥን አየር መንገድ አይቀበልም፤ የአውሮፕላን ብረት ይበላልና። ስታይሮፎሙን በአንድ ወፍራም ትልቅ ከረጢት ሸፍኑት፣ ከታች ውሃ የሚመጥ ጨርቅ ወይም የሕፃን ዳይፐር ዘርጉበት። ሣጥኑ ላይ «ሕያው እንስሳት» የሚለው ምልክትና የላይኛውን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ይለጠፋል፤ አየር መንገዶች የሚሠሩበት የሕያዋን እንስሳት ማጓጓዣ ደንብ አለ፣ በሻንጣ ይቀበሉ ወይ በካርጎ ብቻ የሚለውን ትኬት ሳይቆረጥ በጽሑፍ አስመልሱ።

ሙቀቱ። ኮራሉ ከ22 እስከ 28 ባለው ውስጥ ይሁን። ጥቅምት ጥሩ ወር ነው፤ የዱባይ እሳት በርዷል፣ የእኛም ውርጭ አልመጣም። ከኅዳር እስከ ጥር ከሆነ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ማሞቂያ ከረጢት ያስፈልጋል። ማሞቂያው የሚሠራው ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ነው፤ ሙሉ በሙሉ በታሸገ ሣጥን ውስጥ ይጠፋል። ክዳኑ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያላቸው ሁለት ቀዳዳ ይበቃሉ። በጋዜጣ ይጠቅለል፣ ከረጢት አይንካ። እሱንም አየር መንገዱ ይፍቀደው።

ከአዲስ አበባ በየብስ ማምጣት የምታስቡ ካላችሁ፦ መንገዱ ከ10 ሰዓት ይበልጣል፣ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ሙቀቱ ይነሳል፣ ደጀን ሲወጣ ይወርዳል። ያ ሁሉ መለዋወጥ ለአክሮፖራ ከባድ ነው። የአንድ ሰዓቱ በረራ ይሻላል።

ሽምብጥ

ታንኳ፣ ስላረምከኝ አመሰግናለሁ። የ3 ሴንቲሜትሩን አንቀጽ ለሌሎችም ሰዎች ተናግሬ ስለነበር ዛሬ ደውዬ አስተካክላለሁ። አንድ ጥያቄ ለጨው ውሃ፦ ከረጢቱ በንጹሕ ኦክስጅን ይሞላ ወይስ በአየር?

ጨው ውሃ

ለዚህ ርቀት ተራ አየር ለአብዛኞቹ ይበቃል። ለአክሮፖራና ለትልቁ ዩፊሊያ ግማሽ በግማሽ ኦክስጅን ቢጨመር እሺ። ለዓሣ እንደሚደረገው ሙሉ በሙሉ በኦክስጅን መንፋት ለኮራል ግዴታ አይደለም።

ኦክስጅን ካነሳን ግን ትልቁ ጉዳይ ከረጢቱ ሳይሆን ቤት ያለው አኳሪየም ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል 80 ከመቶ ገደማ ነው። 35 በሺህ ጨው ያለው፣ 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ በባሕር ዳርቻ ከተማ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ እዚህ 5.4 ገደማ ነው የሚይዘው። ኮራልና ዓሣ ሌሊት ሲተነፍሱ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በውጭ አገር መጽሐፍ «4 ሰዓት ይታገሣል» የተባለው እዚህ አያስኬድም። 11 ኮራል ከመጨመሩ በፊት በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ወይም አንዲት የውሃ ማዘዋወሪያ ፓምፕ የምታንቀሳቅስ ኢንቨርተር ይዘጋጅ። ማሞቂያውን በባትሪ ለማንቀሳቀስ አትሞክር፣ ባትሪውን በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል፤ ታንኩን በብርድ ልብስ መሸፈን ይበቃል። እንቅስቃሴው ነው የሚያድነው።

ዘጌ

ሲደርስ የሚደረገውን ልጨምር፤ ብዙ ኮራል የሚሞተው ከደረሰ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ነው።

ከረጢቱ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን የቆየ ውሃ ሁለት ነገር ተከማችቶበታል፤ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፒኤቹን ዝቅ ስለሚያደርግ አሞኒያው አብዛኛው መርዛማ ባልሆነ መልኩ ይቆያል። ከረጢቱ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይነሳል፣ ያው አሞኒያ ወደ መርዛማው መልክ ይቀየራል። ስለዚህ ከረጢት ከፍቶ ለሁለት ሰዓት ጠብ ጠብ እያደረጉ ማለማመድ ለረጅም ጉዞ ኮራል ጉዳት ነው። ሳይከፈት 20 ደቂቃ በማቆያው (ከዋናው አኳሪየም በተለየ ትንሽ ታንክ) ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ሙቀቱ ይስተካከል። ከዚያ ይከፈት፣ ጨዋማነቱ ይለካ። ልዩነቱ ከ2 በሺህ በታች ከሆነ ኮራሉን በቀጥታ ወደ ማቆያው ውሃ ማዛወር ነው። ሰፋ ያለ ከሆነ የማቆያውን ውሃ አስቀድሞ ከከረጢቱ ጋር አመሳስሎ፣ በቀናት ውስጥ ቀስ እያሉ ማምጣት። የከረጢቱ ውሃ ወደ አኳሪየም አይገባም።

ማቆያ ያስፈልገዋል። 40 ሊትር፣ አንድ ማሞቂያ፣ አንድ ፓምፕ፣ ደካማ መብራት። መጀመሪያ በአዮዲን ላይ የተመሠረተ የኮራል ማጠቢያ 10 ደቂቃ፤ አክሮፖራን በትንሽ ፒፔት ውሃ እየነፉበት፣ የሚረግፉት ጠፍጣፋ ትሎች ከታች ነጭ ሳህን ላይ ይታያሉ። ማጠቢያው ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም፤ ስለዚህ የሞተው የታችኛው ክፍል ይቆረጥ፣ ከተቻለ ፕለጉ ይቀየር፣ በየሳምንቱ ይደገም፣ ቢያንስ 4 ሳምንት። ክላውንፊሾችህን የሚያሰጋው ደግሞ ነጭ ነጥብ የሚባለው የዓሣ በሽታ ነው። የባሕሩ ነጭ ነጥብ ጥገኛ በፕለግና በድንጋይ ላይ ተለጥፎ ሊመጣ ይችላል፤ ዓሣ በሌለበት 76 ቀን ማቆየት የጨው ውሃ አርቢዎች የሚሠሩበት ልክ ነው። ረጅም መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን 240 ሊትር ውስጥ ከገባ በኋላ ኮራል ባለበት መድኃኒቱን መዳብ መጨመር አይቻልም።

ዞአንተስን ስትነካ ጓንትና መነጽር። አንዳንዶቹ፣ በተለይ ፓሊቶዋ፣ ፓሊቶክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አላቸው። ቁስል ባለበት እጅ አይነካም፤ የበቀለበት ድንጋይ በፈላ ውሃ አይጸዳም፣ እንፋሎቱ ሰው ሆስፒታል ያስገባል። ልጆች ካሉ አስጠንቅቅ።

መጨረሻ ላይ የከረጢቱና የማጠቢያው ውሃ። በሊትር 10 ሚሊ ሊትር በረኪና ጨምሮ ማሳደር፣ ከዚያ በሽንት ቤት መስመር መድፋት። ወደ ጎርፍ ቦይ አይደለም፤ የባሕር ዳር ቦይ ጣና ነው የሚገባው። የባሕር ኮራል በጣና ውሃ እንደማይኖር አውቃለሁ። ግን «ይህ አይኖርም» እያልን የምንደፋው ልማድ ነገ የጨው አልባውን አኳሪየም ተክልና ቀንድ አውጣ ይዞ ይሄዳል። እንቦጭ ጣና ላይ በይፋ ከታወቀ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበሬና ዓሣ አስጋሪ በእጁ እየነቀለ ያለውን ማየት ይበቃል። ሐይቁ ሌላ ቦታ የማይገኙ የላቤዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎች ቤት ነው።

ደንገል

ዘጌ፣ እህቴ፣ ያልጠየቅኩትን ስለመለሽልኝ አመሰግናለሁ። የማቆያውን ነገር ጨርሶ አላሰብኩበትም ነበር።

እቅዱን አሻሽያለሁ። አክሮፖራውን ትቼዋለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አይሆንም። ሲኑላሪያውና ዞአንተሶቹ ወደ ሴራሚክ ፕለግ ይዛወራሉ። ሰርተፊኬት የሚያስፈልጋቸው 5 ሆኑ፤ ዩፊሊያ 2ና ሞንቲፖራ 3። ለሁለቱም ባለሥልጣናት ደብዳቤ ነገ ይገባል። ሱቁ የሞንቲፖራዎቹን የኢንዶኔዥያ ፈቃድ ቁጥር ልኳል፤ የዩፊሊያዎቹን ግን «ፈልጌ እልካለሁ» ብሏል። ለ3 ሞንቲፖራ ብቻ ሰርተፊኬቱ ይጀመር ወይስ ልጠብቅ?

ታንኳ

ጀምር። ዩፊሊያዎቹ ቁጥራቸው ከመጣ ይጨመሩ፣ ካልመጣ ይቅሩ። በሞንቲፖራው ቁጥር ዩፊሊያውን አብሬ ልጻፍልህ ካለ እምቢ በለው፤ የመጀመሪያው ፈቃድ ላይ የሌለ ዝርያ እንደሆነ ሁለቱ አገሮች ሲጠያየቁ ወዲያው ይታያል፣ ያኔ ሞንቲፖራዎቹም አብረው ይሄዳሉ።

ሌላ አንድ ነገር ለወንድምህ። ተቀባይነት ያለው ዋናው ሰርተፊኬት ነው፤ ፎቶውና ፎቶ ኮፒው ቦሌ ላይ አይሠራም። ሣጥኑ ውስጥ እንዳያሽገው፣ ሻንጣም ውስጥ እንዳይከተው። በእጅ ቦርሳው በፕላስቲክ ይያዘው፤ ዱባይ ሲወጣ ደግሞ ያ የብዛት ሣጥን «3» ተብሎ ተሞልቶ ማኅተም ሳያርፍበት ከጠረጴዛው አይነሳ።